ጥራዝ ነጠቅ በእንግሊዝኛ

የብራና መጽሐፍ ሲሰናዳ ቅጠሎቹ ታጥፈው በየጥራዙ ይሰፋሉ፤ ጥራዞቹ ተያይዘው በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ሲገቡ መጽሐፉ ሙሉ ይሆናል። ከመሀሉ አንዷን ጥራዝ መንጭቆ የሄደ ሰው ከፊቷ ምን እንደነበረ፣ ከኋላዋ ምን እንደሚከተል አያውቅም። እንዲያም ሆኖ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እንደተማረ ሰው ጉባኤ ላይ ቢናገር ስሙ ጥራዝ ነጠቅ ነው።

እንግሊዝኛም ለዚህ ሰው ስም አለው፤ ሳዮሊስት ይለዋል። ጠባዩን ደግሞ ሳዮሊዝም ይለዋል። ሲጻፍ ኤስና ሲ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ሲዋ ግን ሳይንስ በሚለው ቃል ውስጥ እንደማትነበበው ሁሉ እዚህም አትነበብም። ቃላቱ የተመሳሰሉት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም የወጡት "ስኪሬ" ከሚለው የላቲን ግስ ነው፤ ትርጉሙም ማወቅ ማለት ነው። ከዚሁ ግስ የወጣው "ስኪዩስ" አዋቂ ነው፤ በላቲን ነገርን የምታሳንስ ቅጥያ ስትጨመርበት "ስኪዮሉስ" ይሆናል፤ ትንሽዬ አዋቂ እንደ ማለት። እኛ "ትንሽዬ" ስንል ብዙ ጊዜ ፍቅር አለበት፤ እዚህ ግን ማሳነሱ ለንቀት ነው። ሳዮሊስት ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ ሳዮሊዝም ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ተከተለ።

ሳዮሊዝምን "ላይ ላዩን ዕውቀት" ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ግማሹን አስቀርቶታል እላለሁ። ጥቂት ማወቅ ነውር የለበትም፤ ሁሉም ሰው ከጥቂት ይጀምራል። ቅኔ ቤት ገብቶ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና መቁጠር የጀመረ ተማሪ ሳዮሊስት አይደለም፤ ተማሪ ነው። በጉባኤ ቃናው ተመክቶ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ሊያርም ሲነሣ ግን ቃሉ ይደርስበታል። ቃሉ የሚነቅፈው የዕውቀቱን ማነስ ሳይሆን፣ ያነሰውን ሙሉ አስመስሎ ማቅረብን ነው።

ያለ ነቀፋ ጥቂት ማወቅን ለመግለጽ እንግሊዝኛ ሌላ ቃል አለው፤ ስማተሪንግ። ቤሩት ወይም ዱባይ ሁለት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ዐረብኛ ትችያለሽ ወይ ስትባል "ትንሽ ትንሽ እሰባብራለሁ" ትላለች። ስማተሪንግ ማለት ይኸው ነው። ሰው ስለ ራሱ በትሕትና ሊለው ይችላል፤ የሚያፍርበት የለም። ጥንት ግን እንዲህ የዋህ አልነበረም፤ የተወለደበት ግስ መለፍለፍ፣ ሳያውቁ ማውራት ማለት ነበር። ዛሬ ከዕውቀት ውጭም ይሠራል፤ ተበታትኖ ለሚጥል ጥቂት ዝናብ ወይም እዚህም እዚያም ለሚሰማ ቀዝቃዛ ጭብጨባ ይባላል።

ሳዮሊስት የግድ አታላይ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ለራሱም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ይህ ደግሞ በሁላችን ዘንድ ያለ ነገር ነው። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ኪል በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ስለ ዚፕ፣ ስለ ስፌት መኪና፣ ስለ በር ቁልፍና ስለ መሰል ዕቃዎች አሠራር ምን ያህል እንደሚያውቁ ከ1 እስከ 7 ለራሳቸው ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቁ። ቀጥሎ የተወሰኑትን ዕቃዎች አሠራር ደረጃ በደረጃ አስጻፏቸውና እንደገና ነጥብ አሰጧቸው። ከጻፉ በኋላ ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ወረደ።

ዚፑን ራስዎ ይሞክሩት። በየቀኑ ጃኬት ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ታዲያ ጥርሶቹ እንዴት ይያያዛሉ? በጣት ተጭነው ለማገጣጠም ቢሞክሩ እሺ አይሉም። ወደ ላይ የምንስባት ብረት ውስጧ ባዶ ናት፤ በላይ በኩል ሁለት መግቢያ፣ በታች በኩል አንድ መውጫ አላት። ግራና ቀኙ የጥርስ ረድፍ በየመግቢያው ገብቶ በውስጧ ዘንበል እያለ ይገናኛል፤ የአንዱ ጥርስ ጉብታ በሌላው ጥርስ ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጥና ተቆላልፎ ይወጣል። ወደ ታች ስትሳብ በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ያለው ሽብልቅ ጥርሶቹን ፈልቅቆ ይለያቸዋል። ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት "ዚፕማ ቀላል ነው" ብያለሁ። ማንም እንዳስረዳ ስላልጠየቀኝ አለማወቄን የማውቅበት አጋጣሚ አልነበረኝም።

ሳዮሊዝም በየቀኑ ንግግር የሚሰማ ቃል አይደለም። በሂስና በክርክር ጽሑፍ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው ላይ ሲሰነዘር ይገኛል፤ ሲነገርም ከበድ ይላል። ገና በመማር ላይ ያለን ሰው ሳዮሊስት ማለት ግፍም ስሕተትም ነው። አሠሪ ፈረንሳይኛ ይችሉ እንደሆነ ቢጠይቅዎና ጥቂት የሚሰባብሩ ከሆነ "አይ ሃቭ ኤ ስማተሪንግ ኦቭ ፍሬንች" ይበሉ፤ በዚህ ቦታ ሳዮሊዝም አይገባም። ሳዮሊዝምን ወደ አማርኛ ለመመለስ የተቸገረ ተርጓሚ ደግሞ "ላይ ላዩን ዕውቀት" ከሚል ይልቅ "ጥራዝ ነጠቅነት" ቢል ነቀፋውም አብሮ ይተረጎምለታል።