ምጣዱን ይዘን ሠሪዋን ለምን እንንቃለን?

ኤክሴኪያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ540 ገደማ የነበረ የአቴና ሸክላ ሠሪ ነው። ዛሬ በቫቲካን ሙዚየም በሚገኘው ማሰሮው ላይ ሁለት ጀግኖች እንደ ገበጣ ያለ ጨዋታ ሲጫወቱ ይታያሉ። «ኤክሴኪያስ ሣለኝ፤ ሠራኝም» ብሎም ጽፎበታል።

የእኛዎቹስ? የአዲስ አበባ ቀጨኔ ሴቶች በልማድ ጭቃውን ያለ መንኮራኩር፣ በእጃቸው ብቻ ጀበናና ምጣድ አድርገው ይተኩሱታል። ስማቸው ግን በሥራቸው ላይ የለም፤ የተረፋቸው «ቡዳ» የሚል ስድብ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ነገሩ አልጠፋም። ታዲያ በምጣዷ የተጋገረውን እንጀራ እየበሉ እሷን መናቅ ምን ይሉታል?

እዚህ አሰላም ሆነ በአርሲ ገጠር ነገ የምናስተምረው የሸክላ ሠሪ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሲሰደብ ዝም ካልን ስድቡን አስተማርን ማለት ነው። ይልቅስ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ እናቱን እንጋብዝ፤ እሷ ታስተምር፣ እኛም ስሟን ሰሌዳው ላይ እንጻፍ።