ግሊሰሪን ወይስ ቫዝሊን? ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

በጋ ሲገባ አየሩ ይደርቃል፤ እጅና እግራችን ይሰነጣጠቃል። ጎሮ ኮስሞቲክስ ቤት ስንገባ ግን ብዙዎቻችን የምናየው ዋጋውንና ሽታውን ነው። እስቲ የሎሽኑን ጀርባ እንገልብጠው።

👉 ግሊሰሪን፦ ውሃ ይስባል። በደረቅ አየር ሳይቀጠን ብቻውን ከተቀባ ግን ከራሱ ከቆዳችን ሊስብ ይችላል።

👉 ቫዝሊን፦ ዝርዝሩ ላይ ፔትሮላተም ይባላል። ውሃ አይጨምርም፤ ያለው እንዳይተን ይከድናል።

👉 ሺአ ቅቤ፦ ሻካራውን ያለሰልሳል፤ በመጠኑም ይከድናል።

ስለዚህ ግሊሰሪንና ቫዝሊን ይረዳዳሉ እንጂ አይተካኩም። ታጥባችሁ ቆዳችሁ እርጥብ እያለ ግሊሰሪን ያለበት ሎሽን፣ ከላይ ስስ ቫዝሊን ተቀቡ።

ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው። ውዱንና ርካሹን በዚህ አወዳድሩ።

⚠️ «ክሎቤታሶል» የሚል ካያችሁ ግን መልሱት። እሱ ስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተቀባችሁት ቆዳ ያሳሳል።