ዘይቱን የሚያቀላው ቀለም

ሽንኩርቱ በዘይት ተቁላልቶ በርበሬ ሲጨመርበት ዘይቱ ወዲያው ይቀላል። ያንኑ በርበሬ በውኃ ብንበጠብጠው ግን ዱቄቱ ከሥር ይዘቅጣል እንጂ ውኃው እንደ ዘይቱ አይቀላም። ለበርበሬው ቅላቱን የሰጡት ካሮቲኖይድ የሚባሉ ቀለሞች የሚሟሙት በቅባት ስለሆነ ነው። ሆድ ውስጥ ከገቡም በኋላ ጠባያቸው አይለወጥም።

ካሮትን፣ ዱባን፣ ማንጎንና ቲማቲምን ያቀለሙት እነሱው ናቸው። ጎመንና ቆስጣም ሞልተዋቸዋል፤ የማይታዩት የቅጠሉ አረንጓዴ ስለሸፈናቸው ነው። ከመካከላቸው ቤታ ካሮቲንን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። የቲማቲሙ ላይኮፒን ግን አይለወጥም።

ከበሽታ መከላከል ጋር በዋናነት የሚያገናኛቸው ይኸው ቫይታሚን ነው። የዓይን፣ የመተንፈሻ አካልና የአንጀት ስስ ሽፋን የተሕዋስያን የመጀመሪያ አጥር ነው፤ ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ሽፋኑ ይደርቃል፣ አጥሩም ይሳሳል። ነጭ የደም ሴሎችም ያለ እሱ በወጉ አይጎለምሱም። ይህ ማለት ግን ጉድለት የሌለበት ሰው ካሮት ባበዛ ቁጥር ጉንፋን ይሸሸዋል ማለት አይደለም። ትርፉ የቆዳ ቢጫ መሆን ሊሆን ይችላል፤ እሱም ጉዳት የለውም፣ ሲቀንሱ ይለቃል።

አንድ አዋቂ ወንድ በቀን 900፣ ሴት ደግሞ 700 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ያስፈልጋቸዋል። ከምግብ የሚገኝ 12 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን የሚተካው 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በጾም ወራት ቅቤ፣ እንቁላልና ጉበት ከገበታ ሲርቁ ዋናው ምንጭ አትክልት ስለሚሆን አሠራሩ ወሳኝ ነው። መብሰሉ የአትክልቱን ሕዋስ አላልቶ ቀለሙን ያወጣዋል፤ ዘይቱ ደግሞ ወደ አንጀት ግድግዳ ያሻግረዋል። ስለዚህ በውኃ ብቻ ከተቀቀለ ጎመን ይልቅ ዘይት ጠብ ያለበት ይመረጣል። ጥሬ ካሮት የሚወድም ሰላጣው ላይ ትንሽ ዘይት ያድርግበት።

ታዲያ ክኒኑ አይቀልም? በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት፣ ውጤቱም በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። የሚያጨስ ሰው ክኒኑን ይተወው፤ ዱባ ወጡን ግን ያለ ሥጋት ይብላ።