«ክላን»፦ ከቡቃያ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጎሣ

በአንድ ወቅት «ክላን ሊር» የተባሉት ባለታሪኮች የሚገኙበትን የአየርላንድ ጥንታዊ ተረት ሳስተምር ስማቸውን «የሊር ጎሣ» ብዬ ተረጎምሁት። ተረቱ ግን ስለ ጎሣ አይናገርም፤ የእንጀራ እናታቸው በአስማት ወደ ውኃ ወፍነት ለውጣቸው 900 ዓመት ስለተንከራተቱ አንዲት ልጃገረድና ሦስት ወንድሞቿ እንጂ። ስሕተቴ የመነጨው ቃሉን በእንግሊዝኛ በኩል ከማየቴ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የቃሉን ፍችና አመጣጥ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የጌሊክ ቋንቋዎች የሚባሉት አይሪሽ፣ የስኮትላንድ ጌሊክና የማን ደሴት ማንክስ ናቸው። በሦስቱም የቃሉ ዋና ፍች «ልጆች» ነው። በአይሪሽ በተለይ የሚያመለክተው ዕድሜን ሳይሆን የማን ልጅ መሆንን ነው፤ ስለዚህ ያደጉ ልጆችም የወላጆቻቸው «ክላን» ናቸው። ቃሉ ከአንድ አባት ስም ጋር ሲጣመር ደግሞ የልጅ ልጆችንም እየጨመረ ይሰፋል። የስኮትላንዱ «ክላን ዶናልድ» በጥሬው «የዶናልድ ልጆች» ማለት ነው። እንግሊዝኛ የወረሰው ይህን የሰፋውን ፍች ብቻ ነው፤ «ጎሣ» የሚለው ትርጓሜ ወደ እኛ የደረሰውም በዚሁ መንገድ ነው።

የቃሉ ምንጭ የላቲኑ «ፕላንታ» ሲሆን ትርጉሙ ቡቃያ፣ ለተከላ የሚሆን ቀንበጥ ማለት ነው። ታዲያ «ፕ» እንዴት «ክ» ሆነ? ጥንታዊው አይሪሽ የ«ፕ» ድምፅ አልነበረውም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ውሰቶች «ፕ»ን በ«ክ» ተካ፤ «ፓስካ» «ካሽክ»፣ ሐምራዊ ማለት የሆነው «ፑርፑራ» ደግሞ «ኮርክራ» ሆኑ። ድምፁ የነበረው ዌልሽ ግን ያንኑ የላቲን ቃል «ፕላንት» ብሎ ይዞ ልጆችን ይጠራበታል። ጆሮው «ፕ»ን ከለመደ በኋላ አይሪሽም ኃጢአት የሚለውን «ፔካቱም» «ፓካ» ብሎ ተቀበለ። ስለዚህ በ«ክላን» ላይ ያለው «ክ» ቃሉ ከቀደሙት ውሰቶች አንዱ መሆኑን ይመሰክራል።

ለግእዝ ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ይኸው «ፓስካ» በእኛ ዘንድ «ፋሲካ» ሆኗል፤ ለ«ጴጥሮስ»ና ለ«ጳጳስ» ግን «ጰ» የተባለ ፊደል ተጨምሯል። ከቡቃያ ወደ ልጅ የተደረገው የፍች ሽግግርም ቢሆን «ዘር» የሚለውን ቃል ለእህልም ለትውልድም ለሚጠቀም አማርኛ ተናጋሪ ሩቅ አይሆንም።

እንግዲህ የደምና የትውልድ ምልክት ተደርጎ የሚታየው ይህ ቃል ራሱ ከባዕድ ቋንቋ የመጣ ነው። ሆኖም አመጣጡን ማወቅ ብቻውን ለተርጓሚ አይበቃም፤ «ክላን» ቡቃያ ተብሎ ቢተረጎም «ጎሣ» ከማለት ያልተናነሰ ስሕተት ነው። ፍቹን የሚወስነው ቃሉ የገባበት ዐውድ ነው። አሁን ያንን ተረት ሳስተምር «የሊር ልጆች» እላለሁ።