መሬቱ ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት

ጅግጅጋ ላይ የሊዝ ጨረታ በተከፈተ ቁጥር የከተማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ካሬው ስንት ገባ?» የአሸናፊው ዋጋ በየሻይ ቤቱ ይወራል፣ ቤት ሻጩም ደላላውም የራሱን ዋጋ ከዚያ ተነስቶ ይከልሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ቀድሞ ያለፈውና ማንም የማያወራው ሌላ ቁጥር ነው። ያ ካሬ ሜትር ማሳ ወይም ግጦሽ ሳለ ለባለይዞታው ስንት ተከፈለው?

ጅግጅጋ በምዕራብ የካራማራ ተራራ ያግዳታል እንጂ በሌላው አቅጣጫ ሜዳው ክፍት ነው። ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የአካባቢው ገዥ ሳሉ መንገዶቿን በቀጥታ መስመር ካስቀየሷት አንድ ምዕተ ዓመት አልፏል። የሶማሌ ክልል መዲና ከጎዴ ወደ እሷ ከዞረ ወዲህ ደግሞ ስንዴ፣ ማሽላና በቆሎ ወደሚዘራበት፣ ከብትና ግመል ወደሚሰማራበት መሬት በፍጥነት ገፍታለች። ስለዚህ በጅግጅጋ ለጨረታ ከሚወጣው መሬት ብዙው ትናንት የአርሶና የአርብቶ አደር መተዳደሪያ ነበር።

በአገራችን መሬት ራሱ አይሸጥም። የገጠሩን በየካቲት፣ የከተማውን በሐምሌ 1967 ዓ.ም. መንግሥት በአዋጅ ወስዶታል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ለጨረታ የሚቀርበው በዘመን የተገደበ የመጠቀም መብት ነው። በ1986 ዓ.ም. የተጀመረው የሊዝ ሥርዓት በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ጨረታን ዋናው የመሬት ማስተላለፊያ መንገድ አደረገው። ለመኖሪያ 99 ዓመት ተፈቀደ። ተጫራቹ ከመነሻ ዋጋው ቢያንስ 5 በመቶ ያስይዛል፣ ካሸነፈ ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ ቅድሚያ ይከፍላል። አሸናፊው የሚለየውም በሰጠው ዋጋና ባቀረበው ቅድሚያ ክፍያ ነው።

አሁን ወደ ተረሳው ቁጥር እንመለስ። የ2011 ዓ.ም. የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ከእርሻው ለዘለቄታው ለሚነሳና ተለዋጭ መሬት ላላገኘ ባለይዞታ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው አዟል። ከቀድሞው ሕግ በብዙ ይሻላል፤ ያኛው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ያባዛ ነበር። ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው፤ ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለማሳያ ብቻ ነው። አንድ ሔክታር ማሳ በጥሩ ዓመት 60 ሺህ ብር ካስገባ ካሳው 900 ሺህ ብር ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 90 ብር። ያው መሬት በጨረታ 3 ሺህ ብር ቢገባ ልዩነቱ ከ33 እጥፍ በላይ ነው።

ለከተማ አስተዳደሩም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። በከተማ ፕላን ደንባችን ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ ይተውና 40 በመቶው ለግንባታ ይውላል። ከሔክታሩ ለጨረታ የሚወጣው 4 ሺህ ካሬ ብቻ ነው፤ በምሳሌያችን 12 ሚሊዮን ብር ያስገኛል፣ እሱም በብዙ ዓመት ተከፋፍሎ የሚከፈል ነው። መንገዱ፣ ውኃውና መብራቱ ግማሹን ቢወስድ 6 ሚሊዮን ይቀራል። ካሳው አሁንም ከአንድ ሚሊዮን በታች ነው። ዋጋውን ከፍ ያደረገው የአርሶ አደሩ ድካም ሳይሆን የከተማው መስፋትና የመንግሥት መሠረተ ልማት ነው የሚለው ክርክር እውነት አለው። ነገር ግን የተነሽውም ዕጣ ከዚህ ዕድገት ሙሉ በሙሉ ውጭ መሆን የለበትም። ካሳው የተሰላው መሬቱ እህል በሚያወጣበት ዋጋ ነው፤ እሱ ቤት መሥሪያ ቦታ ሲፈልግ ግን የሚጠየቀው በከተማ ዋጋ ነው።

የአርብቶ አደሩ ችግር ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ከሰብል የሚገኝ ገቢ በኩንታል ይቆጠራል፤ የግጦሽ መሬት በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል አስገባ ብሎ መዝገብ የሚያቀርብ ማን ነው? አዋጁ ለወል ይዞታም ካሳ እንዳለ ይናገራል፣ ሕገ መንግሥቱም አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ጽፏል። ካሳ ሲሰላ ግን የሚታየው አጥር ያለው ነው። በሐርሺን በኩል ያለው የሶማሌ መሬት ብርካ በሚባሉ የግል የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶችና በአጥር እየተከፋፈለ መምጣቱ ይታወቃል። ብርካ የቆፈረው ውኃውን ይሸጣል፣ ያጠረው ሣሩን ለራሱ ያደርጋል። ከተማ ሲቀርብ ደግሞ አጥር የካሳ ማስረጃ ይሆናል፤ ሰው አስቀድሞ ለማጠር ይሽቀዳደማል፣ በድርቅ ጊዜ መንጋ ይዞ የሚያልፈው ግን መንገድ ያጣል። በእኔ እምነት የጨረታ ዋጋ ወሬ ከከተማው ክልል አልፎ ግጦሹን የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው።

የእንግሊዝ ገጠር የጨረታ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1921፣ ትላልቅ ባለርስቶች መሬታቸውን በሰፊው ሸጡ፤ በ1919 የውርስ ግብሩ በትልልቆቹ ሀብቶች ላይ እስከ 40 በመቶ ደርሶ ነበር። እርሻዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው በታተመ ዝርዝር ይወጡና በመንደሩ አዳራሽ ወይም በእንግዳ ማረፊያ ቤት በሐራጅ ይሸጡ ነበር። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለዓመታት ያረሱት ጭሰኞች ተቀምጠው የገዛ እርሻቸውን ለመግዛት ከውጭ ሰው ጋር ይጫረታሉ። ብዙዎች ተበድረው ገዙ። ያን ጊዜ መንግሥት የስንዴ ዋጋን በሕግ ያስጠብቅ ስለነበር የሚቀጥል መሰላቸው። በ1921 ሕጉ ተሻረ፣ የስንዴ ዋጋም በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ ብድሩ ግን ባለበት ቆመ።

በዚያው አገር ሌላም ልማድ አለ። በሶመርሴት ታትዎርዝ በምትባል መንደር ስቶዌል ሚድ የሚባለውን መስክ በየዓመቱ በሻማ ያጫርታሉ፤ ሻማው ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ያሸንፋል። የሚሸጠው መሬቱ አይደለም፣ የዓመቱ ጥቅም ነው፤ ተጫራቾቹም በመስኩ ላይ መብት ያላቸው ሰዎች ናቸው። እነዚህን ሁለት ልማዶች ሳስተያይ የጨረታው ፍትሕ የሚወሰነው ዋጋ ከመጠራቱ በፊት ይመስለኛል። የሚሸጠው ምን እንደሆነ፣ ማን ገብቶ እንደሚጫረትና ገንዘቡ ለማን እንደሚሆን ቀድሞ ያለቀ ነገር ነው።

ማን ገብቶ ይጫረታል የሚለው በጅግጅጋ የራሱ መልክ አለው። በሊዝ አዋጁ መሠረት ቀሪው ክፍያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የብድር ወለድ ልክ ወለድ ይታሰብበታል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት ከተማ ወለድ መክፈልን ሃይማኖቱ የሚከለክለው ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ሙሉውን አንድ ጊዜ መክፈል ወይም ከጨረታው መቅረት። ጥሬ ገንዘብ ያለው ነጋዴና ከውጭ የሚላክለት ሰው ይገባል፤ ደመወዝተኛዋ መምህርትና የካሳ ብር የያዘው ተነሽ ይቀራሉ። ተጫራች ሲያንስ ደግሞ ከተማው ራሱ ገቢ ያጣል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅግጅጋ የሆነውና ከወለድ ነፃ የሚሠራው ሸበሌ ባንክ እዚያው አለ። ሊዙን በሙራባሃ ወይም በሌላ ከወለድ ነፃ ውል የሚከፍሉበት መንገድ ቢከፈት የጨረታው በር ለብዙ ሰው ይሰፋል።

ሌላው ነገር የሊዝ ጨረታ ዋጋ በታሸገ ፖስታ መቅረቡ ነው። በሐራጅ ሰው የተፎካካሪውን ድምፅ እየሰማ ይወስናል፤ በታሸገ ፖስታ ግን ብቻውን ይገምታል። ዊልያም ቪክሬይ እ.ኤ.አ. በ1961 የጨረታን ሳይንስ ከጀመረ ወዲህ፣ በ2020 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ፖል ሚልግሮምና ሮበርት ዊልሰንም ያስረዱት አንድ አደጋ አለ፤ ዋጋው ለሁሉም እርግጠኛ ባልሆነ ነገር ላይ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ የገመተው ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2007 ዓ.ም. መርካቶ አካባቢ ለአንድ ካሬ ሜትር 305 ሺህ ብር መቅረቡ አገሩን ሁሉ አስደንግጦ ነበር። እንዲህ ያለ አንድ ፖስታ የጎረቤቱን መሬት ሁሉ ዋጋ በሐሳብ ያንራል። የቀደሙት ዙሮች ዋጋ በየቀበሌው ተለጥፎ ቢታይ ተጫራቹ የሚነሳበት ያገኛል፤ ግምቱም ይረጋል።

የዋጋ መሰወር በቁም እንስሳት ገበያም አለ። በጅግጅጋም በቶጎ ውጫሌም ደላላና ገዥ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ይነጋገራሉ፤ አጠገባቸው የቆመው ባለከብት እንኳ የጎረቤቱ በግ ስንት እንደሄደ አያውቅም። ይህ ልማድ በጥድፊያ እንዲሻር አልመኝም። ደላላው እንስሳው የተሰረቀ አለመሆኑን ይመሰክራል፤ ይህን ዋስትና የሚተካ መሥሪያ ቤት የለም። ገበያው ግን ከበርበራ ወደብ ጋር የታሰረ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 የአፍሪካ ቀንድ እንስሳትን ባገደችበት ጊዜ የዚህ ገበያ ሰው ምን እንደደረሰበት የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። ዋጋውን መጨረሻ የሚሰማው አርብቶ አደሩ ነው፤ በእንስሳውም በመሬቱም። ሽያጩ ካለቀ በኋላ የቀኑ ዋጋ በገበያው በር በሶማሊኛ ቢጻፍና በሬዲዮ ቢነገር ድርድሩን አይነካውም።

ለመሬቱም የምጠይቀው ተመሳሳይ ነው። የጅግጅጋ ከተማ አስተዳደር የእያንዳንዱን ዙር አሸናፊዎች ሲለጥፍ ከጎኑ መሬቱ ከየት ቀበሌ እንደተነሳ፣ ስንት ቤተሰብ እንደተነሳና ለካሬው ስንት ካሳ እንደተከፈለ ይለጥፍ። ከወል ግጦሽ የተወሰደ መሬት ከሆነ የሊዝ ገቢው የተወሰነ ድርሻ ለዚያው ማኅበረሰብ ውኃና ግጦሽ ይመደብ። ገንዘቡም ከወለድ ነፃ ሒሳብ ይቀመጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሽማግሌዎችና ሴቶች በተገኙበት ሒሳቡ ይነበብ። ድርሻው ስንት መሆን እንዳለበት የክልሉ ምክር ቤት ተከራክሮ ሊወስን ይችላል፤ የዝርዝሩ መለጠፍ ግን ከሚቀጥለው ዙር ጨረታ ሊጀምር ይገባል።