የርዳታን ሥራ ፍሬ ለሚጽፉ ሹማምንት

ስለ ውጭ አገር ርዳታ ፍሬ ከየክልሉ ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚላከው ታሪክ አብዛኛው «እገሊት ድኻ ነበረች፤ ርዳታው መጣ፤ እነሆ ዛሬ ባለጸጋ ሆነች» የሚል ነው። እኔም ጸሓፊው ከዚሁ በደል ንጹሕ አይደለሁም።

በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ለተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት 450 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተመድቦ ነበር፤ ይኸውም 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፥ 150 ሚሊዮኑ ከመንግሥታችን ነው። የታቀፉትም ሰዎች መንገድ ይጠርጉ፥ አትክልትም ያለሙ ነበር፤ ከሚከፈላቸውም ከመቶ 20 እጁን ይቈጥቡ ነበር።

በአቃቂ ቃሊቲ፥ በገላን ኮንዶሚኒየም አጠገብ አንዲት እናት ያለሙትን ጎመን አይቼ ስለ ልምላሜው አንድ ገጽ ሞላሁ፤ ገንዘቡንም ሁሉ የባዕድ አስመስዬ ጻፍሁ። በዓመቱ ብመለስ ቦታው ለሕንፃ ሥራ ተቈፍሯል፤ ጎመንም የለ። እናቲቱ ግን በቈጠቡት ገንዘብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተው እንጀራ እየጋገሩ ይሸጣሉ። «ስለ ጎመኑ ጻፉ እንጂ ስለ ቁጠባዬ መቼ ጠየቁኝ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚህ የከፋው፥ ጽሑፌን ያነበበ አንድ ሹም በወረዳው የጎመን ዘር አስገዝቶ ማደሉ ነው። ስለ ቁጠባው አላሰበም፤ እኔ አልነገርሁትምና።

ስለዚህ ታሪክ ስትልኩልን ያያችሁበትን ቀን፥ ከማን ስንት ገንዘብ እንደ ወጣ፥ ክፍያውም ከቆመ በኋላ ሰውየው በምን እንደሚተዳደር ጨምራችሁ ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላም ተመልሳችሁ ያገኛችሁትን፥ መልካም ባይሆን እንኳ፥ ላኩልን።