ሞትን ለልጅ በግልጽ መንገር

«ሰሰሚ ስትሪት» በተባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም ባለሱቁን ሚስተር ሁፐርን የሚጫወተው ዊል ሊ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ አረፈ። አዘጋጆቹ በሌላ ተዋናይ ሊተኩት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን እውነቱን ለመናገር ወሰኑ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን አማክረው የሠሩት ክፍል ወላጆች ቤት በሚውሉበት በምስጋና በዓል፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1983 ተላለፈ። ቢግ በርድ የተባለው ትልቅ ወፍ ለሁፐር የሣለውን ሥዕል ይዞ ሲመጣ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ሁፐር እንደሞተና እንደማይመለስ ሐዘናቸውን ሳይደብቁ ነገሩት። የሃይማኖቱን ጉዳይ ለየቤተሰቡ ተዉት። «ተኝቷል» የሚል ማለባበሻም አልነበረም፤ ደግ አደረጉ፣ እንዲህ የተባለ ሕፃን መኝታውን ሊፈራ ይችላልና።

ስለ ገነት ሊናገሩ የማይፈልጉ ሃይማኖት የለሽ ወላጆች ከዚህ ብዙ ይማራሉ።

ማሪያ ናጊ በሃንጋሪ ልጆች ላይ አጥንታ በ1948 ባሳተመችው ጽሑፍ እንደገለጸችው፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ዘላቂ መሆኑን አይረዱም። አያቱ የሞተችበት ልጅ «አያቴ መቼ ትመጣለች?» እያለ ደጋግሞ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። ሰውነቷ መሥራት እንዳቆመ፣ ከእንግዲህ እንደማይርባትና እንደማያማት ንገሩት። ነገ ደግሞ ቢጠይቅ፣ ሳትሰለቹ ያንኑ መልሱለት።